ከስልክ ሽቦ የወጣው የዓይን መድኃኒት

የተጋባነው ጣሊያን ዲላን ከያዘ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ዘንድ መድኃኒት መቀመም ተምሮ ነበር። ዲላ ላይ ግን የሚቀምመው አጣ። የዓይን ማዝ የያዛቸው ሰዎች ከወናጎ ሳይቀር እየተመሩ ይመጣሉ። የዓይናቸውን ሽፋን ገልብጦ የሚያሽበት ሰማያዊ ድንጋይ ስላለቀበት "በንጹሕ ውሃ ታጠቡ" ብሎ ይመልሳቸዋል። እነሱን በመለሰበት ቀን ምሳ አይበላልኝም።

አንድ ቀን የተጣለ የስልክ ሽቦ ጠቅልሎ ገባ።

"መዳብ ነው። ያ ድንጋይ የሚሠራው ከዚህ ነው" አለኝ።

ከተበላሸ ካሚዮን ባትሪ የቀዳው አሲድም ነበረው። ሚዛን አለን፤ መመዘኛዎቹ ግን ጠፍተዋል። ስለዚህ በአንዱ ሳህን ሽቦውን፣ በሌላው የቡና ፍሬ አድርጎ አስተካከለ። ያንኑ ያህል ቡና አራት ጊዜ መዘነና ሰፌድ ላይ አከማቸው።

"የምናገኘው ድንጋይ ይህን ያህል ይከብዳል።"

"ካንድ መዳብ አራት? ተአምር ልትሠራ ነው?"

ሳቀ። "ድንጋዩ መዳብ ብቻ አይደለም፤ ከአሲዱም ከውሃውም ይገባበታል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ መዳብ ነው። የትም ቢሠራ ይህ ድርሻ አይለወጥም። ሩቡን ካወቅሽ ሙሉውን አወቅሽ ማለት ነው።"

"ውሃው ግን ይደርቅ የለም እንዴ?"

"የሚደርቅ አለ፤ ከድንጋዩ ጋር ተጋብቶ የሚቀርም አለ" ብሎ አየኝ። አፍሬ አቀረቀርኩ።

ሽቦውን በሞረድ አድቅቆ፣ ጥቁር እስኪሆን በከሰል እሳት አቃጠለው። የቀጠነ አሲድ ጨምሮበት በተሰበረ ትልቅ ጠርሙስ ቂጥ ፀሐይ ላይ አኖርነው። የዲላ ዝናብ አይታመንም፤ ደመና ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ አስገባዋለሁ። ውሎ አድሮ ጥርት ያለ ሰማያዊ ድንጋይ ሆነ። በቡናው ብንመዝነው ትንሽ አነሰ።

"ተሳሳትክ!" አልኩት።

"ጠርሙሱ ላይ የቀረውን ማን ይቁጠርልኝ?" አለ እየሳቀ።

በዚያ ድንጋይ ብዙ ሰው ተሻለው። አንዲት የወናጎ ሴት የልጇን ፊት አጥርታ ባየች ጊዜ ቆጮ ጠቅልላ መጣች፤ ባለቤቴን አቅፋው አለቀሰች። ያን ቀን ምሳውን በላ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጣሊያኖች ለመንገድ ሠራተኞቻቸው መድኃኒት አዋቂ ፈልገው ወሰዱት። ካሚዮኑ ሲነሳ ተከተልኩ።

"ተመለሽ፣ ጭቃ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሌላ ቃል አልሰማሁም።

ጣሊያን ሲወጣ አብረውት የተወሰዱት ተመለሱ። አንዱን ይዤ ጠየቅሁት።

"ስንለያይ ደህና ነበር፣ እቴ። ወዴት እንዳቀና ግን አላውቅም" አለኝ።

ዘመዶቼ አግቢ አሉኝ፤ አላገባሁም። ዛሬ መልኩ እየደበዘዘብኝ ነው። የሚናፍቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ የማላውቀውን ስጠይቀው ሥራውን አስቀምጦ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ እስኪገባኝ ድረስ ያስረዳኝ ነበር።