ውሃ ላይ ብድግ ያለው ሰው

ተሻገርን ያልደከመህን ቀን ጥራ ብትሉት ይቸገራል። በሚኖርበት በፈረንጅ አገር፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሠፈር ባለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ምንጣፍ ሲጠቀልልና ጊዜያዊ ግድግዳ ሲነቅል ያድራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል። መሃል ላይ የምትተርፈውን ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ይተኛባታል። እንዴት ነህ ላለው ሁሉ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ይህን የሚለው ዐይኑ እየተከደነ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ላይ አውጥቶ ዓሣ አጥማጅ ልሁን ያሰኘው ማን ነው ትሉ ይሆናል። ልጁ ናት። ሶልያና ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ሠፈር፣ ከእናቷ ከሸዋረጋ ጋር ነው የምትኖረው። ወላጆቿ ከተለያዩ ወዲህ አባቷ ዘንድ አድራ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ትምህርት ሲዘጋ አንድ ሳምንት ከአባቢ ጋር ሐይቅ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ ብላ እናቷን ወጥራ ያዘች። ሸዋረጋም ለተሻገር ደወለች።

«ስማ፣ አንተ የደጋ ሰው ነህ፤ ውሃ የምታውቀው በእንስራ ነው። ጋሼ ፊሊጶስ ‹ተምሯል› ካሉኝ እልካታለሁ። ካላሉኝ የትም አትሄድም።»

ጋሼ ፊሊጶስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እያጠመዱ ያደጉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለተሻገር ሥራ ቅርብ በሆነችው የሐይቅ ዳር ከተማ ቨርሷ ሰዎችን በካያክ እየመሩ ዓሣ ማጥመድ ያሳያሉ። የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ አንዱን ነገር ደጋግመው ካልነገሩ ወደ ሌላው አያልፉም። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ ሐይቁ ሥር የበቀለው ሳር በሙቀቱ ወራት ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ትምህርቱ እዚያ ነበር።

«ዓሣ ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም። ሳሩ ጫፍ ላይ ተደብቆ ነው የሚጠብቅ» አሉት። «መንጠቆህን ሳሩ መሃል ከጣልከው የምትይዘው ሳር ነው። ከጫፉ ጣለውና ዝም በል። ንፋሱ እንዳይወስድህ ደግሞ ከሳሩ አንድ እቅፍ ሳብ አድርገህ ጭንህ ላይ አጋድመው፤ እሱ ይይዝሃል።»

ተሻገር እጁ ሥራ የለመደ ነውና መቅዘፉን ቶሎ ያዘው። የመጀመሪያዋን ዓሣ፣ ጀርባዋ ዝንጉርጉር የሆነች ፔርሽ፣ ጎትቶ ሲያወጣ እንደ ልጅ ነው የጮኸው። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። ዝም በል የተባለ ዕለት እንቅልፉ ይመጣል። ዘንጉን እንደያዘ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ ይባንናል፣ ጋሼ እንዳላዩት ያስመስላል። ጋሼ ግን ያዩታል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። «ዛሬ ብቻህን ሂድ» አሉት ጋሼ። «እኔ ከሩቅ አይሃለሁ፤ ከዚያ ለሸዋረጋ እደውላለሁ።» ተሻገር ሲነቅልና ሲሸከም አድሮ በቀጥታ ነበር የመጣው። ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን ይሁን እንዳይል ይሉኝታ ያዘው። ቀዘፈ፣ ሳሩን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ ክሩን ከጫፉ ጣለ። ሁሉንም አሳምሮ ሠራ። ፀሐይዋ ጀርባውን ስታሞቀው ግን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

ጋሼ ፊሊጶስ ዘንጉ ከእጁ ሲያመልጥ አዩና እየቀዘፉ መጡ። «ተሻገር!» አሉት።

ተሻገር ዐይኑን ሲገልጥ ሽማግሌ ፊቱ ናቸው። የት እንዳለ ሳያስብ ያደገበት ወግ ከእሱ ቀድሞ ነቃ። «ኖር፣ ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለ።

ቤት ውስጥ ቢሆን ምርቃት ያገኝበት ነበር። ካያክ ግን ይህን አያውቅም፤ ገለበጠው።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ሳሩ እግሩን ያዘው፤ በተራገጠ ቁጥር ጠመጠመው። ዋና አያውቅም፤ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች።

«አትራገጥ! በጀርባህ ተንጋለል!» ጮኹ ጋሼ። «ሳሩ ይለቅሃል!»

ተንጋለለ። የለበሰው ላይፍ ጃኬት አንሳፈፈው፣ ሳሩም ቀስ ብሎ ለቀቀው። ጋሼ እየጎተቱ ዳር አወጡትና ብርድ ልብስ አለበሱት።

«እንግዲህ ‹በእግዜር› ልበልህ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። «መቅዘፉን ችለሃል፣ ማጥመዱንም ችለሃል። ልጅቷ ከፊትህ ተቀምጣ ቢሆንስ?»

ተሻገር ወደ ተገለበጠው ካያክ ዞር ብሎ አየ። ጋሼ ቀጠሉ።

«እኔ ለሸዋረጋ አልዋሽም፤ የልጅ ነፍስ ነው። ግን ከእኔ ከምትሰማው ካንተ ትስማው። ደውል።»

ዳር ትቶት የሄደውን ስልኩን አነሳ። ‹ጋሼ ተምሯል ብለውኛል› ቢል ሸዋረጋ ታምነዋለች። ልጁን ከሚያጣ ቢዋሽ ይሻለው ነበር። ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሶልያና ነች።

«አባቢ! ፕሩፉንግ አለፍክ?» ፈተናውን ማለቷ ነው።

ያሰበው ውሸት ቀረ። «አላለፍኩም፣ ልጄ» አላት። «ውሃው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝና ወደቅሁ።»

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አላለቀሰችም።

«አባቢ፣ አንተ ሙየድ ነህ?» አለች ቀስ ብላ። «ደከመህ?»

‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አፉ ላይ ደርሳ ነበር። ስንት ዓመት ለስንቱ የመለሳት መልስ ናት። ‹ደከመህ› ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

«አዎ» አለ። «በጣም ደክሞኛል፣ የኔ ልጅ።» ድምፁ ተሰበረ። ጋሼ ፊሊጶስ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

በስልኩ ውስጥ እናትና ልጅ ግማሹን በጀርመንኛ ግማሹን በአማርኛ ሲከራከሩ ሰማ። ከዚያ ሸዋረጋ ስልኩን ተቀበለች።

«እኔ እኮ የፈራሁት ውሃውን ነበር» አለች። «ልጅህ ቦርሳዋን እያወጣች ነው። ሐይቅ አትገባም፤ እሱን ተወው። አንተ ሳምንቱን እንድትተኛ፣ እሷ አጠገብህ ቁጭ ብላ ልትጠብቅህ ነው የምትመጣው።»

ተሻገር በስልክ እንደማይታይ ረስቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።