የአምባር ሻጯ ናሲባንና ሚርዛ ኡልፋትን ያሳበደችው ወይዘሮ

የናሲባን ባል የሞተው ከጣሪያ ወድቆ ነው። ርግቦቹን በፉጨት ሲጠራ አንጋጦ አንጋጦ እግሩ የት እንዳለ ረሳው። በዴልሂ እንዲህ ያለ አሟሟት ብርቅ ስላልሆነ ማንም ብዙ አልተደነቀም። ናሲባን አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ደንቡን ሁሉ አደረሰች። በአርባው ቀን ግን ለሰደቃው የሚሆን ሥጋ ቢቸግራት ርግቦቹን አርዳ በቅመም ሠራቻቸው። ጎረቤቱ "ምነው ናሲባን! የሟች ዓይን ማረፊያ አልነበሩም እንዴ?" እያለ አጉረመረመ፤ እያጉረመረመም አጥንቱን ጋጠ።

ከዚያ በኋላ የእናቷን ሥራ ያዘች፤ የመስታወት አምባር በቅርጫት ተሸክሞ በየመኳንንቱ ቤት መዞር። ሚስቶቻቸው ወደሚኖሩበት ውስጠኛ ግቢ ባዳ ወንድ ዝር አይልም፤ አምባር ሻጭ ግን እንደ ድመት ገብታ ትወጣለች። ጠባብ አምባር ሳይሰበር በእጅ ላይ ማሳለፍ ሕመም አለው። ናሲባን እጁን በሳሙና እያሸች፣ ሴቲቱ ሕመሙን እንድትረሳ ወሬ ትደረድራለች። የወሬዋ ግማሹ እውነት ነበር፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የተሻለ።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳት የሚርዛ ኡልፋትን ሚስት ማህላቃ ቤገምን ነበር። ማህላቃ ሰፊ፣ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ማንጎ ካየች የማትመለስ ሴት ናት። ባሏ የሚውለውም የሚያድረውም በውጪው ቤት፣ ከሚያዋጋቸው ድርጭቶቹ ጋር ነው። የባልና ሚስቱ ጨዋታ በግድግዳ ላይ የሚወረወር ነበር። እሱ "ምሳ!" ይላል፤ እሷ "ይመጣል!" ትላለች። በቃ።

አንድ ቀን ማህላቃ እጇ ሳሙና ውስጥ እያለ "ሥዕል አማረኝ" አለች። "ያቺ ጎረቤቴ እንኳ አስላለች፤ ያቺ ጉንጯ እንደ ደረቀ ቴምር የተጨማደደው! እኔ ከሷ በምን አንሼ?"

"ሰዓሊው እርስዎን ማየት አይፈቀድለትም እኮ እመቤቴ።"

"አንቺ እያየሽኝ አይደል? ሄደሽ ትነግሪዋለሽ።"

ሰዓሊው ሂራናንድ መስኮት ሥር እግሩን አጣጥፎ የሚውል ሽማግሌ ነው። ናሲባን ቅርጫቷን አውርዳ ፊቱ ተቀመጠች።

"እንዴት ያለች ናት?" አላት።

"ወላሂ፣ ከበር ስትገባ መጀመሪያ ሆዷ ይገባል፣ ቆይቶ እሷ ትደርሳለች። አገጯ ሁለት ነው፤ ስትስቅ ሦስት ይሆናል። ግን ዓይኗ! ዓይኗ ሲስቅ አብረህ ትስቃለህ።"

ሂራናንድ ብሩሹን ከከንፈሩ አላቀቀ። "ልብሷስ?"

"ሮዝ ቀሚስ፣ ወርቀዘቦ ሻሽ፣ አንገቷ ላይ ዕንቁ በዕንቁ።"

"በቃ፣ ይበቃኛል።"

"ፊቷን ሳልጨርስልህ?"

"ፊት አለኝ" አለ ሂራናንድ።

እውነቱን ነው፣ ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራበት አንድ ፊት ነበረው፤ ወደ ጎን የዞረ፣ ዓይኑ እንደ ዓሣ የረዘመ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ። ከሥሩ በቀለበት የምታልፍ ወገብ፣ በጣት ጫፍ የተያዘች ጽጌረዳ። ሥዕሉ ሲያልቅ ናሲባን አየችና ጮኸች።

"ይቺማ ባለፈው የሳልካት የዳኛው እህት ናት!"

"ልብሷን ቀይሬያለሁ" አለ ሂራናንድ ሳይደናገጥ።

ማህላቃ ግን ሥዕሉን ስታይ እንባዋ መጣ። "ቁጭ እኔን!" አለች። "እስቲ በሞቴ ናሲባን፣ እኔን አትመስልም?"

"ዕንቁው ቁርጥ የእርስዎ ነው እመቤቴ" አለች ናሲባን።

ማህላቃ ባሏ አይቶ እንዲያደንቃት ብላ ሥዕሉን በምሳው ትሪ ላይ፣ ከዳቦው ሥር አድርጋ ላከችለት። ሚርዛ ዳቦውን ሲያነሳ ወይዘሮዋ ብቅ አለች። የገዛ ሚስቱ ናት ብሎ ማሰብ በሕልሙም አልመጣለት። አንዲት የማትታወቅ ወይዘሮ በምስጢር ፍቅሯን የላከችለት መሰለው። ሰውየው ስለ መልኩ ያለው ግምት ከፍ ያለ ነበር። ምሳው ቀዘቀዘ። ድርጭቶቹ ተራቡ። በማግስቱ ናሲባንን ከበር አስጠራት።

"አንቺ የማትገቢበት ቤት የለም" አላት ሥዕሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ። "ይህቺን ታውቂያታለሽ?"

"እንዴታ ጌታዬ! እሷማ..."

"ስሟን እንዳትነግሪኝ! ስሟን ብሰማ ልቤ ቀጥ ይላል። ባል አላት?"

ናሲባን ትንሽ አሰበች። "አላት ጌታዬ። ቢኖርም እንደሌለ ነው።"

"አውሬ!" አለ ሚርዛ። "እንዲህ ያለች ሴት ይዞ!"

ናሲባን ሳቋን በሻሿ አፍና በጓሮ በኩል ዞረችና ሁሉንም ለማህላቃ ነገረቻት። ማህላቃ የማንጎውን ፍሬ እንደያዘች አፏን ከፍታ ሰማች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ንገሪው፣ ወይዘሮዋ ፈቅዳለች በይው። ግን ድርጭት ድርጭት የሚሸት ወንድ አትወድም። ይታጠብ። ጢሙንም ይቀባ።"

ሚርዛ ታጠበ። ጢሙን ተቀባ። ድርጭቶቹን ለጎረቤት ሰጠ። አሽከሮቹ የሚሞት መስሏቸው ሐኪም ሊጠሩ ተማከሩ።

ቀጠሮው ከከተማው በር ውጪ፣ አትክልት ቦታ ውስጥ ባለ ድንኳን ሆነ። ማህላቃ መጋረጃ በተጣለበት የሸክም አልጋ፣ ተሸካሚዎቿ እያቃሰቱ ቀድማ ደርሳ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ ተቀመጠች። ናሲባን አጠገቧ። ሚርዛ ሽቶ አርከፍክፎ መጣ።

"ደህና ነዎት?" አለች ማህላቃ ዝግ ብላ።

ሚርዛ ዓይኑን ጨፈነ። "ምን ያለ ድምፅ ነው! የኔ ሚስት እኮ ከጩኸት በቀር ንግግር አታውቅም።"

ናሲባን አምባሮቹ ሊሰበሩ እስኪደርሱ የማህላቃን ክንድ ያዘች።

"ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች?" አለ ድምፁ ከመጋረጃው ጀርባ።

"የለም" አለ ሚርዛ። "ድሮ ትስቅ ነበር። ግጥም ሳነብላት ትስቅብኝ ነበር። ልጃችን በፈንጣጣ ከሞተ ወዲህ... ምን እንደምላት ጠፋኝ። እኔ ወደ ድርጭቶቼ ሄድኩ። እሷ ወዴት እንደሄደች አልጠየቅኋትም።"

ናሲባን እንኳ፣ አፏ የማያርፈው ናሲባን፣ መሬት መሬት አየች። ማህላቃ ሲታኘክ ከንፈር የሚያቀላውን የፓን ቅጠል ጠቅልላ በመጋረጃው ሥር እጇን ዘረጋች። ሚርዛ ሊቀበል ጎንበስ ሲል በእጇ ጀርባ ላይ የድሮ ጠባሳ አየ። የጋያው ፍም ያቃጠላት ነው፤ በተጋቡ ሰሞን እሱ ራሱ ነበር የጣለባት።

"ማህላቃ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አቤት!" አለች በዋናው ድምፅዋ። ዛፉ ላይ የነበሩ ቁራዎች ተነሥተው በረሩ።

ሚርዛ ሊሸሽ ብድግ አለ፤ የገዛ መቀነቱን ረገጠና ተመልሶ ቁጭ አለ። መጋረጃው ተገለጠ። ሥዕሉን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ደግሞ ሥዕሉን አየ።

"ታዲያ ይቺ ማናት?"

"እኔ ነኛ! አንዲት ቃል ትናገርና ጉድህን ታያለህ!"

ሚርዛ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዕንቁው ቁርጥ የአንቺ ነው" አለ።

ማህላቃ በሦስቱም አገጮቿ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም የሚሳሳቁ ይሁኑ የሚላቀሱ ሳይለይ፣ ናሲባን ወጥታ ከተሸካሚዎቹ ጋር ተቀመጠች። ወደ ቤት ሲመለሱ ባልና ሚስቱ በአንድ የሸክም አልጋ ገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ ተሸካሚዎቹ አስቀምጠው "ወይ አንዳችሁ ውረዱ ወይ ግደሉን" አሉ። ሚርዛ ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ናሲባንን ግን ማንም አላመሰገናትም። ሚርዛ እሷን ባየ ቁጥር ጆሮው እየቀላ፣ በቤቱ እንዳትደርስ ከለከላት። ማህላቃ በጓሮ በር ታስገባት ጀመር። ወሬውን በከተማው ያዳረሰችው ያው ናሲባን ናት፤ በየግቢው ሴቱ ሁሉ ሥዕል ካላሠራሁ አለ። ሂራናንድ ሥራው እስከ አንገቱ ሲደርስ ውለታ ሊመልስ አስቦ ናሲባንን ሳላት። አየችው። የዓሣ ዓይን፣ የቀለበት ወገብ።

"ይቺ ማናት?"

"አንቺ።"

"እኔ እዚህ ነኝ፣ ፊትህ! ቀና በልና እየኝ እንጂ!"

ሴት እያየ ስሎ የማያውቀው ሂራናንድ አላበው። ግን አየ፤ ሳለም። ሰፊ አፍ፣ የተሸረፈ ጥርስ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ግንባር፣ ራስ ላይ ቅርጫት። ናሲባን ሥዕሉን አስጠግታ አየች፣ አርቃ አየች።

"አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?"

"እንዲህ ነው።"

"ትንሽ ቀንስልኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀነሰላት። ሥዕሉን ከመኝታዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ ወረደ። እሷም ብዙ አላዘነችም። እስከ እርጅናዋ ድረስ እጅ በሳሙና እያሸች ስለዚያ ሥዕል ስታወራ፣ በየዓመቱ ወገቧ ይቀጥን፣ ዓይኗ ይረዝም ነበር።