አራተኛው ጋቢ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱን ወጥቶ በስተግራ ካሉት ቤቶች በአንዱ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሦስት ጋቢ ከነላስቲኩ ተደራርቦ ይታይ ነበር። የቤቱ ባለቤት ዓምደ ሚካኤል አንዱንም ለብሶት አያውቅም። ጋቢዎቹን የሰጠነው እኛ፣ የማኅበሩ መሐንዲሶች ነን። የመጀመሪያውን የሰጠነው የማኅበሩን የምርምር መጽሔት ማዘጋጀት ይብቃኝ ያለ ቀን ነው። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። ሦስተኛውንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ዓምደ ሚካኤል ብድግ ይልና «ተተኪ ፈልጉልኝ» ይላል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። በእኛ ማኅበር ጸጥታ ማለት ሁሉም ሰው ጫማው ላይ አፍጥጦ ስሙ እንዳይጠራ መጸለዩ ነው። ከዚያ ሰብሳቢያችን ፕሮፌሰር ከበበ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ስለ ዓምደ ሚካኤል ትጋት ይናገራሉ፤ ይጨበጨባል፤ ጋቢው ይመጣል። በሽማግሌ ፊት ጋቢ ትከሻው ላይ የተደረገለት ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ደመወዝ ያሠራነው በዚህ መንገድ ነው። አክብረን አሰርነው።

ነን የምለው እኔም ስላለሁበት ነው። ኤጀታ እባላለሁ፤ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ከዓምደ ሚካኤል ቤት ሁለት አጥር ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። እሱ የውሃ ሰው ነው። እሑድ እሱ ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፣ እኔ ወደ ጸሎት ቤቴ እወርዳለሁ፤ ቅዳሜን ግን አብረን ነን።

ድሮ ጽሑፍ የሚመጣው በካኪ ፖስታ፣ በሦስት ኮፒ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ለገምጋሚዎች ያድልና መልሱን ለመሰብሰብ አገር ያካልላል። ቢሮ ሄዶ የሚያገኘው ሰው ስለሌለ ለቅሶ ቤት ይጠብቃቸዋል፤ መሐንዲስ ከሥራ ይቀራል እንጂ ከለቅሶ አይቀርም። ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየተዞረ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺ የድልድይ ጽሑፍ እንዴት ሆነች?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ካለው በኋላ ግምገማውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ይሰጠዋል።

ይኼ ሁሉ ሲሆን የራሱ ጥናት መሳቢያ ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ተነሥታ ሰፈራችንን ሰንጥቃ የምትወርድ አንዲት ጅረት አለች። በጋ ላይ ልጆች ይዘሏታል፤ ክረምት ላይ ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ አልበቃ ይላትና ሰው ቤት ትገባለች። ዓምደ ሚካኤል እላይ፣ በገበሬው በዱጋሳ ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተክሎ አሥራ ሁለት ክረምት ለካት። እሱ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚወጣው፤ በየማለዳው መለኪያውን እያየ በልጁ ደብተር ላይ ቁጥሩን የሚጽፈው ዱጋሳ ነው። ከዚያ ሁሉ ልፋት የወጣው ነገር አጭር ነው፤ ቱቦው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት ያውቃል።

ያውቃል፣ ግን ማሳተም አይችልም። አዘጋጅ በሥራ ላይ እያለ የራሱን ጽሑፍ በመጽሔቱ እንዳያወጣ የሚከለክል ደንብ አለን። ደንቡን የጻፈው ራሱ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት አዘጋጅ በአንድ እትም የራሳቸውን አራት ጽሑፍ ስላወጡ። «ለውጭ ላከዋ» አልኩት አንድ ቀን።

«ላክሁ እኮ። የአንድ ሰፈር ጅረት ለአንባቢዎቻችን ምን ይጠቅማል አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ለእነሱ ምንም። እዚህ ንድፍ የሚሠሩት ልጆች የሚያነቡት ደግሞ የእኛን ነው።»

አምና ቱቦው ሊቀየር ነው ተባለ። ዓምደ ሚካኤል ወረቀቱን በክንዱ ሥር ይዞ ንድፉን ወደሚሠራው ወጣት መሐንዲስ ሄደ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቁጭ ብሎ አነበበለት። «ጋሼ፣ ያልታተመ ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ማስገባት አልችልም» አለው። «ከታተመ ግን መጀመሪያ የምጠቅሰው የእርስዎን ነው። ንድፉን የምንዘጋው ግንቦት ላይ ነው።» ስብሰባችን ጥር ላይ ነው፣ መጽሔቱ የሚወጣው ሚያዝያ። ጥር ላይ ከአዘጋጅነቱ ከወረደ፣ ጽሑፉን ገምጋሚ አይቶት፣ ለሚያዝያው እትም ይደርሳል። ያ ካለፈው ግን ቱቦው በድሮው ቁጥር ተቀብሮ ለሃምሳ ዓመት ይቀመጣል።

ለመውጣትስ ከሦስት ዓመት በፊት ነው መንገድ መጥረግ የጀመረው። «ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ካደረግሁት ማንም ሊይዘው ይችላል» አለኝ። ጡረታ የወጣበትን ዓመት ሙሉ ቪዲዮ እያየ ተማረ፤ ዌብሳይቱን ሠራ፤ የድሮዎቹን እትሞች አንድ በአንድ ስካን አደረገ። ጽሑፍ በዚያው ይገባል፣ ገምጋሚው በኢሜይል ይጠየቃል፣ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ መልሱን ይጭናል። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

ያበላሸነው እኛ ነን። ኢሜይሉን የሚከፍት ጠፋ። የመጀመሪያው ባለጌ እኔ ነኝ፤ ደወልኩለትና «ዓምደ፣ እዚያ ነገር ውስጥ መግባት አቃተኝ፤ የይለፍ ቃሌን ልስጥህና አንተው ጫንልኝ» አልኩት። ጫነልኝ። ወሬው ተዛመተ መሰለኝ፣ ፕሮፌሰር ከበበም ሰጡት። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛና የሁላችንንም ጻፈው። ሠላሳ አንድ ሰው። አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ግምገማውን በስልክ ያስጽፈዋል፣ አንዱ በቴሌግራም በድምፅ ይልክለታል። እሱ በእያንዳንዳችን ስም ገብቶ ይጽፋል፣ ይወጣል፣ በሌላው ስም ይገባል። ሁሉንም የሚያደርገው እሱ ብቻ መሆኑን ኮምፒዩተሩ ምን ያውቃል? «ገምጋሚዎቻችን በአማካይ በአሥራ አራት ቀን ይመልሳሉ» እያለ ይቆጥራል። ፕሮፌሰር ከበበ ይኼን ቁጥር በየመድረኩ ሲያነቡት የሰማ ሰው ማኅበራችን ሰማይ የወጣ ይመስለዋል።

ታኅሣሥ ላይ ግን ተተኪ ተገኘች። ነፃነት ትባላለች፣ መምህርት ናት፣ ፈጣን፣ ነገር የማታድበሰብስ። ለርክክብ ዓምደ ሚካኤል ቤት መጣች፤ እኔም ነበርኩ። ሁሉን አሳያትና በመጨረሻ ደብተሩን አወጣ። ገለጠችው፣ ዘጋችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ እኔ ሲስተም ልረከብ ነው እሺ ያልኩት። ይኼ ሲስተም አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

ደብተሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ስብሰባው ላይ ሁሉም የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ ራሱ ይግባ ተብሎ ይወሰን። በማግሥቱ እረከባለሁ። ካልሆነ ግን ይቅርታ፣ ልጆች አሉኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዱጋሳ ግቢ ስንወጣ ባሕር ዛፎቹ መሃል ቆመ። ትንፋሹ አጥሮት ነው ብዬ ነበር። «እኔ ልናገረው አልችልም» አለኝ። «የሰጡኝ አምነውኝ ነው። ተነሥቼ ፕሮፌሰሮቹን በጉባኤ ላዋርዳቸው? ከእናንተ አንዱ ስለ ራሱ ቢናገር ግን ሌላው ይከተላል።»

«እኔ እናገራለሁ» አልኩት። «የይለፍ ቃሌን ለዓምደ ሚካኤል ሰጥቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ዛሬ እቀይራለሁ እላለሁ። አለቀ።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን እየቀለደ ወጣ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ያየሁትም ብዙ ጊዜ የለም። ለዱጋሳ «ደብተርህ ሊታተም ነው» ብሎ ነገረው። ዱጋሳም ስሙ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ፤ ይገባል አለው።

የጥር ስብሰባ ደረሰ። ዓምደ ሚካኤል ተነሣ፣ ያንኑ ተናገረ፣ ነፃነት ዝግጁ ናት አለ። ሁሉም ጫማው ላይ አፈጠጠ። ዘወር ብሎ አየኝ። ተነሣሁ፤ አዎ፣ ተነሥቻለሁ። አፌን ስከፍት ዓይኔ ፕሮፌሰር ከበበ ላይ አረፈ። መምህሬ ናቸው፤ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በእሳቸው ደብዳቤ ነው፤ ስማቸው ደግሞ በሰማያዊው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። እኔ ከተናገርኩ ቀጥሎ የሚታየው የእሳቸው ፊት መሆኑ ታወቀኝ። እዚያው ቆምኩ።

«ኤጀታ ተነሥቷል፤ መልካም» አሉ እሳቸው ፈገግ ብለው። «የቅርብ ወዳጁ ነውና እሱ ያልብሰው። ነፃነትም ከጎኑ ሆና ትማር፣ ወጣት ናት፣ ትደርሳለች።»

ጭብጨባው ተነሣ። ጋቢው ከየት እንደመጣ ሳላየው እጄ ላይ ነበር። በእግሬ እስከ እሱ ድረስ ሄድኩ፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በየእርምጃው መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ትከሻው ላይ አደረግሁለት፣ ጫፉንም አስተካከልኩ። ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝና በጆሮዬ «አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ» አለኝ። አላኮረፈም። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። ዘወር ስል ነፃነት ቦርሳዋን አንጠልጥላ በጎን በር ስትወጣ አየኋት።

የሚያዝያው እትም በቀኑ ወጣ፣ የሌሎች ሰዎች ሰባት ጽሑፍ ይዞ። ግንቦት ላይ ንድፉ ተዘጋ። የዓምደ ሚካኤል ሚስት ዓለም «ጋሽ ኤጀታ፣ አራተኛውን እንኳ ለዱጋሳ እንስጠው፣ እላይ ብርድ ነው ብለው እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ምን ብዬ እሰጠዋለሁ አለኝ።» ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ብቻውን ይወጣል። እኔ ጉልበቴን አመመኝ ብያለሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጽሑፍ እንድገመግም ሦስተኛ ማስታወሻ መጣልኝ። ማስታወሻውን የላከው ማሽኑ ነው፣ ከማሽኑ ኋላ ማን እንዳለ ግን አውቃለሁ። ዛሬስ ራሴ እገባለሁ ብዬ ወሰንኩ። መነጽሬን አጠለቅሁ፣ ገጹን ከፈትኩ። ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ የይለፍ ቃል ይላል። ረስቼዋለሁ። ከሥሩ ለመቀየር የሚጫን ጽሑፍ አለ፤ ጫንኩት። ወደ ኢሜይልዎ የማረጋገጫ ቁጥር ልከናል አለ። ቁጥሩን ፈልጌ ሳላገኘው አሥር ደቂቃ ሆነ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፣ ከላይ ከእንጦጦ በኩል እያጓራ ይመጣል። ጅረቷም ትሰማኛለች።

ስልኩን አነሣሁ።

«አቤት ኤጀታ» አለ።

«ዓምደ፣ ያቺን ግምገማ ላስጽፍህ ነበር። አጭር ናት።»

የደብተሩ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።

«የይለፍ ቃልህ ያው ነው?» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት።