ሌባውን የተጫወተው የሒሳብ መምህር

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፊልም ልሠራ ነው ስል ማንም አልሳቀብኝም። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን የሚያስተምር ይሁን» ነበር የሚለኝ። ፊልሙ የወንጀል ፊልም ነው። አንድ ሌባ የእህል ነጋዴ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ይሰርቃል፣ መርማሪ ያሳድደዋል፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ምኑ እንደሚያስተምር እኔም አላውቅም ነበር፤ «እሺ» እያልኩ አለፍኩ።

የዕለት እንጀራዬ የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽ ስለሆነ ካሜራ ነበረኝ። የጎደለኝ ሰውና ዕቃ ነው። ለሌባነት የቅርብ ጓደኛዬን መረጥኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ጋር የኋላው ረድፍ ላይ ቆሞ ይዘምራል። በዕድሜው የሰው ስክሪብቶ እንኳ ይዞ የቀረ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰርቅ ማየት ተመልካቹን ያስደነግጣል ብዬ አሰብኩ። እሱም በፊልሙ ውስጥ እንደማያጨስ፣ እንደማይጠጣና እንደማይሳደብ ቃል አስገብቶኝ ተስማማ። ስለዚህ የእኛ ሌባ ከስርቆቱ በፊት ወኔ የሚያገኘው ለስላሳ ጠጥቶ ነው።

ቴሌቪዥኑን ታላቅ እህቴ አዋሰችኝ። «ግን እሱ ብቻውን ተሸክሞት አይሮጥም» አለች።

«ታዲያ ማን ይያዝለት?»

«እኔ ነኛ!»

የባሏን ካፖርት ለብሳ፣ ኮፍያ ደፍታ ሁለተኛ ሌባ ሆነች። ድርሰቱ ላይ ሌባው ብቸኛ ሰው ነበር፤ ወደ ወንጀል የገፋውም ብቸኝነቱ ነው። ያንን ሁሉ ሰረዝኩት። አሁንም ድረስ ፊልሙን ከፍቶ ጆሮውን የሰጠ ሰው፣ ሌቦቹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲሽሎከለኩ «ቀስ! ግድግዳ እንዳታስነካው!» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።

መርማሪውን የሚጫወተው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ጎረቤቴ ነበር። በር ሰብሮ የሚገባበትን ትዕይንት ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ አየኝ።

«የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የታለ?»

«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልምስ ቢሆን? እኔ ያለ ትዕዛዝ የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም።»

እናም መርማሪያችን ሌባው ደጃፍ ድረስ ከሄደ በኋላ ተመልሶ፣ ፍርድ ቤት ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃል። ልቆርጠው ብል ጋሼ ተቆጣ።

የማሳደዱን ትዕይንት የቀረጽነው በገበያ ቀን ነው። ጋሼ ከኋላ «ሌባ! ያዘው!» እያለ ሮጠ፣ መምህሩ ከፊት። እኔ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እቀርጻለሁ። ገበያተኛው ግን ካሜራውን አላየም። አንድ ሽንኩርት ሻጭ እግሩን ዘርግቶ ጣለው፤ አንዲት እናት በጃንጥላ ጀርባው ላይ አወረዱበት። «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» እያልኩ እስክደርስ ሸሚዙ ተቀዷል። ነገሩን ሲረዱ ሴትዮዋ ደነገጡ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ አቧራውንም አራገፉለት። ሽንኩርት ሻጩ ግን ካሜራውን ሲያይ «እኔ በጎን ነው የታየሁት፤ ይደገም» አለ። መምህሩ አልስማማም ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከፊልሙ ሁሉ እውነት የሚመስለው ይኸው ትዕይንት ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ አዳራሽ ተከራይተን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሳየን። ከዚያ አስተያየት ጠየቅኩ። አለመጠየቅ እችል ነበር።

መጀመሪያ የተነሡት አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። «ፊልሙ ጠንካራና ደካማ ጎን አለው» ብለው ማስታወሻቸውን ገለጡ። «በጠንካራ ጎን፣ ሰዓቱን አክብሮ ተጀምሯል። በደካማ ጎን፣ ሌብነትን ለመከላከል የባለድርሻ አካላት ሚና በግልጽ አልተቀመጠም።» ቀጥለው የተነሡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሌባው ንስሐ ሳይገባ ፊልሙ ማለቁ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። አንዲት ነርስ ደግሞ በፊልሙ የወደደችው መርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅበትን ትዕይንት መሆኑን ተናገረች። «እንደዚያ እውነተኛ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔም ባለፈው ሳምንት እዚያ ተቀምጬ ነበር» ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ከኋላ አንድ የዱራሜ ሰው እጁን አወጣ። «ሌባው ለምንድን ነው በዱራሜ መኪና የሚያመልጠው?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የማምለጫውን ትዕይንት መናኸሪያ ውስጥ ስንቀርጽ አጠገባችን የቆመው የመኪና ረዳት «ዱራሜ! ዱራሜ!» ይጣራ ነበር። በአጋጣሚ የገባ ድምፅ መሆኑን አስረዳሁ። ሰውዬው አልተዋጠለትም። ሰላም ይሻላል ብዬ ቤቴ ገብቼ በራሴ ድምፅ «ሞርሲቶ! ሞርሲቶ!» ብዬ ተካሁትና ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። በሳምንቱ ሁለት የሞርሲቶ ነጋዴዎች የቪዲዮ ሱቄ ድረስ መጥተው በትሕትና ምን እንዳጠፉ ጠየቁኝ። ድምፁን ጨርሼ አጠፋሁት። አሁን ረዳቱ አፉን ከፍቶ ይዘጋል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። አንድ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ይህን አይቶ «የዘመኑን ዝምታ የገለጽክበት መንገድ ድንቅ ነው» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አመሰገንኩት።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ የበዛው ግን በመምህሩ ትወና ላይ ነበር። «ለምን ካሜራውን ያያል?» «ሲሰርቅ ለምን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል?» እኔ ለሁሉም ተሟገትኩ። የተቆጠበ ትወና ነው፣ ውስጣዊ ነው፣ የሚገባው ለሚገባው ነው አልኩ። መምህሩም አምኖኝ አረማመዱ ሁሉ ተለወጠ፤ አንገቱ ላይ ስካርፍ መጠምጠም ጀመረ።

በዚህ መሐል የገበያውን ትዕይንት አንድ ሰው ቆርጦ «ሆሳዕና ላይ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ» ብሎ ለቀቀው። ከስልክ ስልክ ዞሮ ሀደሮ ደረሰ። ሀደሮ ደግሞ የመምህሩ እጮኛ አባት የሚኖሩባት ከተማ ናት። አባትየው የልጃቸውን እጮኛ በጃንጥላ ሲደበደብ አዩ፤ ሠርጉ ቀርቷል ብለው ላኩ።

ሽማግሌያችንን፣ የሌባው ንስሐ አለመግባት ያሳዘናቸውን፣ ይዘን ሀደሮ ወረድን። ላፕቶፔን አቀፍኩ። አባትየው በረንዳ ላይ ተቀብለውን ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝምታ አዩ። ሲያልቅ «ፊልም መሆኑን አምኛለሁ» አሉ። ተነፈስን። እሳቸው ግን ወደ መምህሩ ዞሩ።

«አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበኝ፣ ልጄ። ያልሆንከውን እንዲህ መስለህ መታየት ከቻልክ፣ ልጄን እወዳታለሁ ስትለኝ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

መምህሩ አፉን ከፈተ፤ እንደ ረዳቱ ድምፅ አልወጣውም። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ዳይሬክተሩ አንተ ነህ፤ ተናገር እንጂ።»

መውጫው አንድ ብቻ ነበር።

«አባባ» አልኩ፣ «እሱ መስሎ መታየት አይችልም።»

«እንዴት?»

«ትወና አይችልም። እንደገና ልክፈትልዎት። ይኸው፣ እዚህ ጋ ካሜራውን እያየ ነው። እዚህ ጋ ሲሰርቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የእህቴን ቃል አብሮ እያለላት ነው። ይህ ደግሞ ፍርሃት እንዲያሳይ የነገርኩት ቦታ ነው፤ የሚያዛጋ ይመስላል። እኔ ሠርግ ስቀርጽ ስንት ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሱ ፊቱ መዋሸት የማይችል ሰው ግን አላየሁም። ፈርቶ የሚሮጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ የምር እየደበደቡት ነው።»

አባትየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት። «እውነትም!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔም እኮ የሆነ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር!» ሚስታቸውን ጠርተው የማዛጋቱን ቦታ ደግመው አሳዩ። ሠርጉ በተባለው ጊዜ እንዲሆን ተስማሙ፤ ሽማግሌው ጸሎት አድርገው ተነሣን።

ዱራሜ ላይ መኪና ስንቀይር መምህሩ ስካርፉን ፈቶ ኪሱ ከተተ። ሆሳዕና ልንገባ ስንል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንደተቀመጠ፣ «የተናገርከው ለእኔ ብለህ ነው አይደል?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር። ከዚያ ፊቱን በመስኮቱ መስታወት አየሁት።

«ለአንተ ብዬ ነው» አልኩት።

«አውቄያለሁ» አለ። አስከትሎም፣ «ሽማግሌውም ሳያምኑህ አልቀሩም መሰለኝ። በትወና ከእኔ አንተ ትበልጣለህ» ብሎ በምሳ ሰዓት የተረፈውን ዳቦ አካፈለኝ።