የተወረሰ ነገር አለ ወይ?

የግራ እጄን መዳፍ ወደ ላይ መገልበጥ አልችልም ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኛ ዘንድ ግን ነውር ነው። ታላቅ ሰው ቆሎ ሲዘግንልሽ ሁለት መዳፍሽን ገጥመሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ትቀበያለሽ። የኔ አንዱ እጅ ሲዘረጋ ሌላው እንደ ጭልፊት ጥፍር ወደ ታች ይንጠለጠላል። «ይቺ ትነጥቃለች እንጂ አትቀበልም» ይላሉ የሰፈራችን ሴቶች። አፌም አያርፍምና እጄን በአፌ፣ አፌን በእጄ ሲያሙኝ አደግሁ።

ነገሩ አጥንት ነው። ከእጅ አንጓዬ በላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ጉብታ በቅሏል። ከጉልበቶቼ በታች ሁለት ሁለት፣ ትከሻዬና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ አንድ፤ በጠቅላላው ሰባት። ሲነኩ ድንጋይ ናቸው። አባቴም አለባቸው። የሳቸው እጅ እንደ ተደፋ ቀርቷል፤ «እግዜር እርፍ አስጨብጦ ፈጠረኝ» ይላሉ። እሳቸውስ ያርሱበታል፤ እኔ ምን ልሥራበት?

ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰባት ቀን ተነክሬ ቆዳዬ ብቻ ለሰለሰ። የቁሐር ሚካኤሉ ወጌሻ ደግሞ ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ ሲያሸኝ፣ «ወለምታ ከናቴ ሆድ ጀምሮ ነው እንዴ?» ስለው ተቀይሞ ሄደ።

አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት የእጄ ጉብታ በድንገት ያድግና ያመኝ ጀመር። ሜዳውን የሸፈነው የክረምት ጎርፍ ሸሸት ሲል አባቴ ጭቃውን አሻግረው ወረታ፣ ከወረታ በአውቶቡስ ጎንደር ይዘውኝ ወጡ። መንገድ ላይ ምክር ሰጡኝ።

«ስንት እባጭ አለብሽ ካሉሽ አንድ በይ።»

«ሰባት ነው እኮ አባባ።»

«ላሞቻችን ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለገበሬ ማኅበሩ ስንት አልኩ?»

«አራት።»

«እንግዲያ አትጠይቂኝ።»

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ንግግሩ የመጽሐፍ ነው። የእጄን ራጅ መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ አየና ሌላ ቦታ እባጭ እንዳለ ጠየቀ። አባቴ ቀድመውኝ «አንድ ብቻ ናት» አሉ። ወደሳቸው ዞረ።

«አባት፣ በቤተሰባችሁ የተወረሰ ነገር አለ?»

አባቴ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ሳብ አደረጉት። «ምንም አልተወረሰብንም ጌታዬ።»

«ከአባትዎ? ከአያትዎ?»

«አባቴ የድሃ ድሃ ነበሩ። የሚወረስ ምን ነበራቸውና? ሊቀ መንበሩን ይጠይቁ።»

ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠ። በዘር የመጣ ቢሆን ጉብታውን ቀርፎ ያሰናብተኝ ነበር፤ ብቻውን በቅሎ እንዲህ የሚሮጥ ግን መጥፎ እጢ ሊሆን ይችላል አለ። እንዲያ ከሆነ እጄን ማትረፍ አይቻልም።

«ከየት ላይ ነው የሚቆረጠው?» አልኩ።

ከክርኔ በላይ በጣቱ አሳየኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በዚያ ዘመን ተወረሰ ከተባለ መሬት ነው፣ ትርፍ ቤት ነው፣ ወፍጮ ነው። ተወረሰብኝ ያለ ሰው የባላባት ዘር ተብሎ ይያዛል። የባዮሎጂ መምህራችን የሚያስተምረውን ውርስ አባቴ ከየት ይወቁት?

«አባባ፣ የጠየቁዎት መሬት አይደለም። አጥንት ነው።»

«ዝም በይ።»

«እጄ ሊቆረጥ ነው እኮ።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዝም በይ አልኩሽ።»

ዝም አላልኩም። ብድግ ብዬ የገዛ አባቴን ጋቢ በሰው ፊት ገፈፍኩ። ቀጥዬ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። «ሰባት ነው» አልኩት ሐኪሙን፤ «የሳቸውን ራስህ ቁጠር።»

ሐኪሙ የአባቴን ክንድ ይዞ ጉብታውን ዳሰሰ። ሳቁን የያዘው በጭንቅ ነው። አባቴ ላብ አጠመቃቸው።

«ይኼ ይመዘገባል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የሷ ካርድ ላይ ብቻ።»

«ማኅበሩ ጋ አይደርስም?»

«አይደርስም።»

አባቴ ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይቆጥሩ ጀመር፤ ጉልበት፣ ባት፣ ጎድን። «አሥራ ሦስት ነኝ» አሉ በኩራት። «አባቴ ከኔም ይበልጡ ነበር።» ሐኪሙ ተማሪዎቹን ሁሉ ጠርቶ አስዳሰሳቸው። አባቴ በነገሩ ሞቅ ብሏቸው ስለ ላሞቹም እውነቱን ሊናገሩ ሲቃጡ እግራቸውን ረገጥኩ።

እንዲያም ሆኖ ሐኪሙ ከፍቶ ሳያይ መጥፎ እጢ አለመሆኑን እርግጠኛ እንደማይሆን ነገረን። በቀዶ ጥገናው ቀን ብብቴን በመርፌ ወግተው እጄን አደነዘዙት፤ ፊቴ ላይ ጨርቅ ጋረዱ። ከጨርቁ ወዲያ መዶሻና መሮ ይሰማኛል።

«አናጢ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«አናጢን እንጨቱ አይናገረውም» አለኝ።

መዶሻው ቆመና የመጋዝ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አፌ ተዘጋ።

ወደ አልጋዬ ሲመልሱኝ ግራ ጎኔ ባዶ ነው። አንሶላውን ገልጬ ለማየት አልደፈርኩም። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እጄ አለ?»

«አለ። ይዤዋለሁ።»

«አይሰማኝም።»

«ጣትሽን ቆንጥጬሻለሁ።»

«ምንም የለም። ሊያጽናኑኝ ነው።»

ደግመው ቆነጠጡ። ጥቂት ቆይተው እንደገና። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ይቆነጥጣሉ፤ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትዞር እንዲሁ ቆየን። በኋላ ከሩቅ እንደ ጉንዳን የነከሰኝ ነገር ተሰማኝ፤ ቀጥሎም የምር አመመኝ።

«ኧረ ያምማል፣ ይልቀቁኝ» አልኩ።

«እሰይ» አሉና፣ እንዳይሳሳቱ ነው መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ ጨምረው ቆነጠጡኝ።