የድንኳን እግር ብቻ የሞላው ፊልም

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ከሐሳቤ የማይወጣው፣ ለዓመታት ያፈርኩበትና ከዘመድ የተቀያየምኩበት ነገር እንጀራዬን ስላተረፈልኝ ነው።

እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ከሁለት ሠራተኞች ጋር የድንኳን ብረት እንበይዳለን። እኛ ቤተ እስራኤሎች ሰው ሲሞትብን ለቀስተኛው ከየከተማው ስለሚጎርፍ አፓርታማ አይበቃንም፤ ድንኳን ግቢ ውስጥ ይተከላል። የሰፈራችን የቂርያት ኖርዳው ግቢ ደግሞ ተዳፋት ነው። ድሮ አንዱን እግር በድንጋይ፣ አንዱን በጣውላ ስንደግፍና ስንጨቃጨቅ ሟቹን እንረሳው ነበር። በዚህ ተናድጄ በእግሩ መሃል መታጠፊያ ሠራሁለት። በጫማ ረገጥ ሲያደርጉት ይለቃል፤ በሚፈልጉት ቁመት ላይ ሲያቆሙት ይቆለፋል። ሽማግሌም ብቻውን ይተክለዋል። መጀመሪያ ያገለገለው ለገዛ አባቴ ልቅሶ ነበር።

አምና አንድ ቀን ጠዋት ፖስተኛው አስፈርሞኝ ወፍራም ፖስታ ሰጠኝ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የድንኳን ኩባንያ ከስሶኛል። በዚያው መታጠፊያ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ እኔ ደግሞ መብቱን የጣስኩ ሌባ ሆኛለሁ። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የእግዱ ጥያቄ ነበር። ክሱ እስኪያልቅ መታጠፊያውን እንዳልሠራ፣ እንዳልሸጥ፣ እንዳላከራይ ፍርድ ቤቱ እንዲያግደኝ ጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ክስ ዓመታት ይፈጃል። እኔ ሦስት ወር ሥራ ካቆምኩ በሩን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ መመለሴ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ሺራ ጠበቃ ናት። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እነሱ ማመልከቻ ካስገቡበት ቀን በፊት ይህ ነገር ሰው ፊት ቆሞ እንደነበር ሆኻኻ አለዎት? ማስረጃ ማለቴ ነው። ካለ ፓተንታቸው አዲስ አይደለም፤ ሾፌቷ እግዱን አትሰጣቸውም።»

ሾፌቷ ያለችው ዳኛዋን ነው። ምን ማስረጃ አለኝ! ንድፉን የሳልኩት በካርቶን ላይ ነው፤ ካርቶኑም ተጥሏል። ያየ ሰው እንደሆነ ሞልቷል፤ ግን ሺራ የዘመድ ምስክር ብቻውን አያስተማምንም አለችኝ። ልቅሶ ላይ ደግሞ ማን ፎቶ ያነሳል?

በዚያ ሳምንት እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ጭንቀቴን ስነግራት፣ «ያ ታከለ የድንኳኑን እግር አልነበር ሲያነሳ የዋለው?» አለችኝ።

ክው አልኩ። አባቴ ሲሞት አክስቴ፣ ማለትም ታላቅ እህቱ፣ ጎንደር ነበረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ወንድሟን በክብር እንዳለቀስንለት እንድታይ ፊልም ልንልክላት ብለን የአጎቴን ልጅ ታከለን ካሜራ አስያዝነው። ሺቫው፣ የሰባት ቀኑ ሐዘን፣ አልቆ ፊልሙን ስንከፍተው ሰው የሚባል የለበትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የድንኳን እግር። ታከለ በሚያለቅስ ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደገን ነውር መስሎት ወደ መሬት አቀርቅሮ ነበር የዋለው። እኔ ግን አልገባኝም። «አባቴን አዋረድከው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ስንገናኝ እንኳ ከአንገት በላይ ነበር ሰላምታችን። ፊልሙም ሳይላክ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ሺራ ቢሮ ቁጭ ብለን አየነው። መታጠፊያዬ የስክሪኑን ግማሽ ሞልቶታል። ያች የመጀመሪያዋ ጠማማ ብየዳዬ ሳትቀር ትታያለች። ከላይ የእህቴ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ የአባቴን ስም እየጠራች። ሺራ ድምፁን ልትዘጋው ስትል ተይው አልኳት። የድንኳን እግር እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ያንኑ አሮጌ እግር ተሸክሜ ነው። ዳኛዋ ፊልሙን አስከፍታ ጠማማዋን ብየዳ ከያዝኩት ብረት ጋር አስተያየች። የኩባንያው ጠበቃ የካሜራው ቀን ሊሳሳት ይችላል ብሎ ተከራከረ። ሺራ የአባቴን የሞት ምስክር ወረቀት አቀረበች፤ እነሱ ማመልከቻ ያስገቡት ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይተው ነው። ዳኛዋ መታጠፊያው አስቀድሞ ሰው ሁሉ በሚገባበት ድንኳን ላይ ከነበረ ፓተንቱ ራሱ ያጠራጥራል፤ በሚያጠራጥር መብት የሰው ሥራ አላስቆምም ብላ እግዱን ከለከለች። ከወራት በኋላ ኩባንያው ክሱን ራሱ አነሳው።

እግዱ በተከለከለ ቀን ከፍርድ ቤት ወደ ቤቴ አልሄድኩም። አውቶቡስ ይዤ በቀጥታ ታከለ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሰው የሞተ ነው የመሰለው። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «በእናትህ እንባ ላይ ካሜራውን እንዴት ላንሳው? እጄ እምቢ አለኝ እኮ» አለኝ። ተቃቅፈን ቆየን።

ፊልሙን በዚያው ሳምንት ለአክስቴ በስልክ ላክንላት። ሰው አይታይም ብዬ አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። በማግስቱ ደወለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል ለካ፤ እኛ አናውቅም። ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ በድምፅ እየለየች፣ አንድ በአንድ እየጠራች ነገረችኝ። የሳተችው አንድ ሰው የለም።

አሁን እፎይ ብያለሁ፤ ሥራዬ እየሄደ ነው። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ አክስቴን ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አስጠበቅናት?