አዴ ጫልቱ የት ሄዱ?

ይህ የሆነው ደርግ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። ለሰው ላወራው ስጀምር እንባዬ ስለሚቀድመኝ መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው።

በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ጢም ሳላወጣ፣ ከአርጆ በታች ባለው ቁልቁለት ስንዋጋ ጭኔን በጥይት ተመታሁ። ጓደኞቼ ሞቷል ብለው ትተውኝ ሄዱ። አዴ ጫልቱ የሚባሉ የአገሬው ሴት ጎትተው ወስደው ጎተራቸው ውስጥ ደበቁኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቁስሌን እያጠቡ፣ ከልጃቸው አፍ እየቀነሱ አበሉኝ። ስድን «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ጎጃም ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ።

በስተመጨረሻ ባለቤቴ የፈተለችውን ጋቢ ይዤ፣ ነቀምት አድሬ፣ በማግስቱ አርጆ ገባሁ። ያኔ የአምስት ዓመት የነበረው ልጃቸው ቶለሳ ጎልማሳ ሆኖ ደጃፉ ላይ አገኘሁት። ስሜን ስነግረው ተጠመጠመብኝ።

«በገ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ አያሌው! ስምዎን እየሰማን ነው ያደግነው።»

«እሳቸውስ?» አልኩ።

«ወደ ኑኑ ቁምባ፣ እህቷ ጋ ሄዳለች። ነገ ትመጣለች።»

ከዚያ ወዲያ ማረፍ የለም። መጀመሪያ ወደ ቁልቁለቱ ወሰደኝ። ምሽጋችን የነበረበት ቦታ በቆሎ ተዘርቶበት፣ አገዳው ቆሟል። የወደቅኩበትን ቦታ እንኳ መለየት አቃተኝ። ልቤም እዚያ አልነበረም። ሲመልሰኝ በየጎረቤቱ እያስገባ አስበላኝ። ስለ አዴ ጫልቱ ስጠይቅ አንዷ ወጥ ላማስል ብላ ትነሳለች፣ አንዱ ስለ በሬው ያወራል። ጋቢውን ለቶለሳ ሚስት ልስጥ ብል «በእጅዎ ይስጧት» ብላ ፊቷን አዞረች።

እኔ ደግሞ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ተቀይመውኛል፣ ሊያዩኝ ስላልፈለጉ ነው የሄዱት አልኩ። ቢቀየሙኝም እውነታቸውን ነው። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ልመለስ ቆርጬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ቶለሳ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ቶለሳ ክንዴን ያዘኝ።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ ትናንት ጋሼ ሲለኝ የዋለው ሰው። «እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል።»

ጮህኩ። ልወድቅ ስል ግራና ቀኝ ደገፉኝ። እነሱም ከእኔ ጋር እንደ አዲስ አለቀሱላቸው። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን።

የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳ ሰው ቢሆን «ሞተዋል» ብለው ከበር በሸኙት ነበር። ያን ቀን ሁሉም ተስማምተው የዋሹኝ፣ መርዶ በባዶ ሆድና በመንገድ ድካም ላይ ስለማይነገር ነው። አብልተው፣ አሳድረው፣ በጠዋት ተሰብስበው የሚያረዱት ልጅን ነው።

የወለደችኝ እናቴ የሞተችው እኔ ጫካ ሳለሁ ነበር። የሰማሁት ከአንድ አላፊ አግዳሚ የጨው ነጋዴ፣ መንገድ ላይ እንደቆምኩ ነው። ተቀምጬ እንኳ አላለቀስኩላትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ስለ ጣሊያን ጊዜው ውጊያ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን የምናፍቀው ያንን ግቢና እነዚያን ሰዎች ነው። መርዶ በወጉ የተነገረኝ በዕድሜዬ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አርጆ ላይ፣ ከቶለሳ አፍ።